ውሻው ብሩን አይበላውም

«የሚወዱትን የውሻዎን ወይም የድመትዎን ፎቶ ይላኩልን፤ በእጅ የተሣለ ውብ ምስሉን በ30 ደቂቃ ውስጥ ይረከቡ!»

እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ አጋጥሟችሁ የማያውቅ ከሆነ ወይ ስልክ የላችሁም ወይ የታደላችሁ ናችሁ። ላጋጠማችሁ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዓረፍተ ነገሯን ቀስ ብላችሁ ድገሟት። በእጅ የተሣለ። በ30 ደቂቃ። ከሥሩ የተለጠፈውን ናሙና ደግሞ እዩት፤ የውሻው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ዓይኑ ያበራል፣ ከጀርባው የዘይት ቀለም የመሰለች ወርቃማ ጀንበር ትጠልቃለች። ከእጁና ከ30 ደቂቃው አንዱ ውሸት ነው። ሰዓቱ እንዳልሆነ ደግሞ እናውቃለን፤ ምስሉ በእርግጥም በ30 ደቂቃ ይደርሳል። እንዲያውም በ30 ሰከንድ ያልቃል፤ የቀረው 29 ደቂቃ ተኩል ለማስመሰያ የተቀመጠ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ጠብ ፍለጋ ነው። ጠቡም ከሦስት ዓይነት ሰዎች ጋር ነው፤ በውሻ ሥዕል ከሚስቁት፣ ሥዕሉን እየወደዱ ዋጋውን ከሚጠየፉት፣ እና ማሽን ያወጣውን ምስል «የእጅ ሥራ» ብለው ከሚሸጡት። ሦስቱ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ግን ተባብረው የሚያረክሱት አንድ ነገር አለ፤ የሰው እጅ ሥራ።

ለሚስቁት

ከናንተ ልጀምር፤ ድምፃችሁ ከሁሉ ይበልጣልና። «ሰው የሚበላው ባጣበት አገር የውሻ ሥዕል?» ትላላችሁ። ትልቅ ነገር የተናገራችሁ ይመስላችኋል፤ ጭብጨባም ታገኛላችሁ።

እሺ፣ ስለ ረሃብ እናውራ። አንዲት ልጅ የቡቺን ምስል በእርሳስ እንዲሠራላት ለአንድ ወጣት ሠዓሊ ከፈለች እንበል። ያ ብር የት ሄደ? ውሻው ብሩን አይበላውም። ሥዕሉንም ቢያሳዩት አሽትቶት ነው የሚሄደው። ብሩን የሚበላው ሠዓሊው ነው። የቤት ኪራይ ይከፍልበታል፣ ወረቀት ይገዛበታል፣ ለእናቱ ዘይት ይዞ ይገባበታል። «ለውሻ ወጣ» የምትሉት ገንዘብ ሳንቲም ሳይቀር የገባው ሰው ኪስ ነው። ለአንድ ከሰዓት ሠርግ በሊሞዚን ስንሰለፍ፣ ለልደት ባለ አምስት ደርብ ኬክ ስንቆርስ የዚህችን አገር ረሃብ ያላስታወሰ አፍ፣ አንድ ልጅ በላቡ ሊከፈለው ሲል ብቻ ረሃብ ትዝ ካለው፣ ችግሩ ውሻው ላይ አይደለም።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የምትሉም አላችሁ። ለመሆኑ አባ ታጠቅ ማን ነው? አባ ዳኘውስ? አባ በዝብዝ፣ አባ ነጋ፣ አባ ነፍሶ፣ አባ መላ? ቴዎድሮስን፣ ምኒልክን፣ ዮሐንስን፣ አሉላን፣ ባልቻን፣ ሀብተ ጊዮርጊስን በፈረሳቸው ስም የጠራ ሕዝብ ነው እንስሳ መውደድን ከፈረንጅ የሚማረው? አፄ ቴዎድሮስ በአንበሶቻቸው ተከበው የሚታዩበት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል በየመጽሐፉ ታትሞ እያየን አድገናል፤ አንበሶቹን ከሥዕሉ ይውጡልኝ ያለ አልሰማሁም። የጃንሆይን ውሻ ሉሉንም በፎቶ አይተናል። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን ሥዕሎች እዩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ያለ ፈረሱ ወርዶ ያውቃል? የእኛ ሠዓሊዎች እንስሳ ሲሥሉ መቶ ዓመታት አልፈዋቸዋል። (በነገራችን ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ደጉ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። እናም ውሻችሁን የባህል ሠዓሊ ጋ ከወሰዳችሁት ፊት ለፊት የተነሣ ፎቶ ያዙ። ኋላ ሰይጣን ሆኖ ቢወጣ እኔ የለሁበትም።)

ዋጋውን ለሚጠየፉት

የናንተ ነገር ይበልጥ ያናድደኛል፤ ሥዕሉን ትፈልጉታላችሁና። «ፎቶውን እያየ አይደል እንዴ የሚሥለው? ምኑ ይከብዳል?» ትላላችሁ። ይከብዳል። እስቲ ለምን እንደሚከብድ ልንገራችሁ።

ስልካችሁን ውሻችሁ አፍንጫ ሥር ደቅናችሁ ስታነሡት ሌንሱ ቅርቡን ያገዝፋል፤ አፍንጫው ድንች ያክላል፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ማታ በፍላሽ ስታነሡት ዓይኑ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ይበራል፤ ውሻና ድመት ከዓይናቸው ኋላ እንደ መስታወት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አላቸውና። ውሻው ጥቁር ከሆነ ደግሞ ካሜራው ፊቱን በሙሉ አንድ የጠቆረ ነገር አድርጎት ያርፋል፤ ጉንጩ የት እንደሚያልቅ፣ አጥንቱ የት እንደሚነሣ አይታይም። ፎቶ ገልባጭ ይሄን ሁሉ ስህተት እንዳለ ይገለብጠዋል። ሠዓሊ ግን ያርመዋል። አፍንጫውን ወደ ልኩ ይመልሳል፣ ለዓይኑ የራሱን ቡናማና የመስኮቱን ነጸብራቅ ይሰጠዋል፣ ጥቁሩ ውስጥ ገብቶ አጥንት ይፈልጋል። ይሄን ለማረም ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ማወቅ ግድ ነው።

ከዚያ ፀጉሩ ይመጣል። ፀጉር በአንድ አቅጣጫ አይተኛም፤ ከአፍንጫው ጀርባ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ግንባሩ ላይ ይለያያል፣ ጉንጩ ላይ ወደ ታች ይጠመዘዛል፣ ደረቱ ላይ ይጋጫል። በባለ ቀለም እርሳስ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ቀላሉን ቀለም ያነጥፋል፣ በላዩ መካከለኛውን፣ በላዩ ጥቁሩን፤ ንብርብር በንብርብር። ነጭ ፀጉር በቀላሉ አይጨመርበትም፤ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ሳይነኩ ማለፍ ወይም በላጲስ ጫፍ እየፋቁ ማውጣት ያስፈልጋል። አንድ ጆሮ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ከጨለመ በኋላ የሚመለስ ወረቀት የለም።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ስተብስ ፈረስን በደንብ ለመሣል ብሎ ከሞቱ ፈረሶች ጋር 18 ወር ያህል ከርሟል፤ ቆዳቸውን እየገፈፈ፣ ጡንቻቸውን እየለየ፣ እየሣለ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1766 በመጽሐፍ አወጣው። በ1762 ገደማ ለአንድ መኳንንት የሣለው ዊስልጃኬት የተባለ ፈረስ ዛሬ ሎንዶን በሚገኘው ብሔራዊ ጋለሪ ተሰቅሏል፤ ቁመቱ 3 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሸራ ነው። ጋለሪው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገዛው 11 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል። ያ ሥዕል ሲጀመር ምን ነበር? አንድ ሰው ፈረሱን ወደደና «ሣልልኝ» አለ፤ በቃ። ንግሥት ቪክቶሪያም እ.ኤ.አ. በ1841 ለባለቤቷ ለልዑል አልበርት የገና ስጦታ ያሰበችለት የውሻውን የኢዮስን ምስል ነበር፤ ያሠራችውም በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው በኤድዊን ላንድሲር ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊ ፎቶ አልነበረውም፤ እንስሳው ዘንድ ሄዶ ማየት ነበረበት። ዛሬ ፎቶ መንገዱን አሳጠረለት እንጂ ማየቱን አላስቀረለትም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ባለ ቀለም እርሳስ ሥዕል 25 ሰዓት ፈጀ እንበል፤ ለዝርዝር ሥራ ይሄ የተጋነነ አይደለም። 2,500 ብር ከፈላችሁት። በሰዓት 100 ብር ሆነ። ከዚያ ላይ የወረቀቱን፣ የእርሳሱን፣ የፍሬሙን፣ የታክሲውን ቀንሱ። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጥሩ ባለ ቀለም እርሳስ ደግሞ መርካቶ ውስጥ አይመረትም። የተረፈውን ይዛችሁ ደህና ካፌ ግቡና ማኪያቶ አዝዙ፤ መልስ ካላችሁ ንገሩኝ።

ይሄን ልጅ ነው «ትንሽ ቀንስልኝ እንጂ፣ ገና ብዙ ሰው አመጣልሃለሁ» የምትሉት። አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ለዓመታት ሲማር የቆየን ሰው፣ ወይም ማንም ሳያስተምረው ደብተር ሲጨርስ ያደገን ልጅ፣ በሰው ብዛት ትከፍሉታላችሁ? «ብዙ ሰው» ያመጣችሁለት እንደሆነ እኮ በኪሳራ የሚሠራው ሥራ በዛለት ማለት ነው! አቅማችሁ ካልቻለ ነውር የለውም፤ ትንሽ መጠን እዘዙ፣ በእርሳስ ብቻ ይሁንላችሁ፣ ፊቱን ብቻ ይሥልላችሁ። መጠኑን መቀነስ ትችላላችሁ። ሰውየውን መቀነስ ግን አትችሉም።

ለ«እጅ» ነጋዴዎች

አሁን ወደ ማስታወቂያው ባለቤቶች። እናንተ የምትሠሩትን ሁላችንም እናውቃለን። ፎቶውን ትቀበላላችሁ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ትሰጡታላችሁ፣ «የእርሳስ ሥዕል አስመስልልኝ» ትላላችሁ፣ የወጣውን አትማችሁ ፍሬም ታደርጉበታላችሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ዓለም ሁሉ ፎቶውን ወደ ጃፓኑ ጂብሊ ስቱዲዮ ካርቱን ሲቀይር የሰነበተው ለዚህ ነው፤ ማንም ይችለዋል፣ ደቂቃም አይፈጅም። ሰዎች ራሳቸውን ቀየሩ፣ ድመቶቻቸውንም ቀየሩ፣ ተሳሳቁ፣ አለፈ። ማንም አልተታለለም፤ ማንም «እጄን ደክሞኝ ሣልኩት» አላለማ!

በማሽን ምስል መሥራት ኃጢአት ነው አላልኩም። «በኮምፒዩተር የተሠራ የውሻ ምስል፣ ከነሕትመቱ ይሄን ያህል ብር» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚፈልግ ይገዛል፣ እኔም ዝም እላለሁ። የኔ ጠብ ከቃሏ ጋር ነው። «በእጅ» የምትለዋ ቃል ዋጋ አላት፤ ዋጋዋንም ያመጡላት ለዓመታት ጣታቸው በከሰል የጠቆረ ሰዎች ናቸው። እናንተ ቃሏን ብቻ ሰርቃችሁ በርካሽ ትሸጧታላችሁ። ጄሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ ሲባል አገር ይጮኻል፤ ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ሲባል ገበያው ይደነግጣል። ጄሶ ለብቻው ወንጀል ሆኖ ያውቃል? አያውቅም፤ ለግድግዳ ያስፈልጋል። ወንጀሉ «እንጀራ ነው» ማለቱ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ገዢው ላይ አያቆምም። እውነተኛው ሠዓሊ «ሁለት ሳምንት ይፈጃል» ሲል «እነ እንትና በ30 ደቂቃ ያደርሱ የለ እንዴ?» ይባላል። ዋጋውን ሲናገር ሌባ እሱ ይመስላል። ይባስ ብሎ ሠርቶ ሲያስረክብ «ይሄ ኤ.አይ. አይደለም ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። የራሱን እጅ ማስመስከር የገባው ሠዓሊ ከማየት በላይ ምን ውርደት አለ?

ይሄ የኛ ጉድ ብቻ አይደለም። ኤትሲ የተባለው የአሜሪካ የመስመር ላይ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት የእጅ ሥራ መሸጫ ነኝ ብሎ ነው። በ2013 በሌላ አምራች የተሠራ ዕቃ እንዲሸጥበት በሩን ከፈተ። በ2024 ደግሞ ለሸቀጡ አዲስ የስም መለያ አወጣ፤ በሻጩ ትዕዛዝ ማሽን ያወጣው ምስል ሻጩ «ነደፈው» በሚለው ክፍል እንዲገባ ሆነ፤ በማሽን መሠራቱ በግልጽ እስከተነገረ ድረስ። በ20 ዓመት ውስጥ «እጅ» የሚለው ቃል ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሳሳ ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ግን እነሱ እንኳ «ተናገር» ይላሉ። እኛ ጋ ያችም አልተጀመረችም።

«ከመሰለ ምን ቸገረኝ?»

ይሄን የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ውሻዬን እስከመሰለ ድረስ እጅ ሠራው ማሽን ሠራው፣ ግድግዳዬ ላይ ያው ነው፤ አይደል?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020፣ በእንግሊዟ ዎርዚንግ ከተማ ፊል ሄክልስ የሚባል ሰው ከትንሽ ልጁ ጋር የምስጋና ካርድ ሲሠሩ የቤታቸውን ውሻ ሣላት። ሰውየው መሣል አይችልም። አይችልም ስላችሁ በጭራሽ አይችልም! ለቀልድ ፌስቡክ ላይ ለጠፈውና በ299 ፓውንድ እንደሚሸጠው ጻፈ። ሰዎች ግን «የኔንም ሣልልኝ» እያሉ ፎቶ ያዘንቡለት ጀመር። በነፃ ሣለላቸው፤ በምትኩ ለአንድ የቤት አልባዎች መርጃ ድርጅት የቻሉትን እንዲሰጡ ጠየቃቸው። የተሰበሰበው ከ100,000 ፓውንድ በላይ ሆነ። ዓይናቸው የተንሸዋረረ፣ እግራቸው የማይታጠፍ፣ ፈረስ ይሁኑ ፍየል የማይለዩ ውሾች ናቸው ያን ሁሉ ብር ያመጡት።

መመሳሰል ቢሆን የሚሸጠው፣ ይሄ ሰው አምስት ሳንቲም አያገኝም ነበር። ሰዎቹ የፈለጉት አንድ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ፣ የኔን ውሻ ዓይቶ፣ ስለኔ ውሻ እርሳስ ማንሣቱን ነው። ለመመሳሰልማ ፎቶው በእጃቸው ነበር። ፎቶውን የሚያስንቅ መመሳሰል የለም፤ ሥዕል የምናሠራው ፎቶው ውስጥ ያልነበረ ሰው እንዲኖርበት ነው።

ይሄ ነገር ይበልጥ የሚከብደው እንስሳው ከሞተ በኋላ ነው። ውሻ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ኖሮ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው ሠዓሊ የሚፈልገውም ያኔ ነው። በእጁ የቀረው ሁለት ደብዛዛ ፎቶ ይሆናል። ሠዓሊው እነዚህን ይዞ ይጠይቃል፤ «ይሄ ጥላ ነው ወይስ ነጥብ ነበረው?» «ግራ ጆሮው ይወድቅ ነበር?» «ይሄ ጠባሳ የምን ነው?» ማሽኑ አይጠይቅም፤ ክፍተቱን ከሺህ ሌሎች ውሾች በለቃቀመው ይሞላዋል። የተቀደደውን ጆሮ ብዙ ጊዜ ይሰፋዋል፤ ጠባሳውን ያጠፋዋል፤ የሰፈራችንን ተራ ሐበሻ ውሻ አጥቦና አበጥሮ የካሌንደር ውሻ ያደርገዋል። ያምራል። የናንተ ግን አይደለም። የሞተባችሁን ልትሸኙ ሄዳችሁ የሌላ ሰው ፎቶ ፊት ማልቀስ እንደማለት ነው።

እና ምን ይደረግ?

የምታሠሩ ከሆነ እንደ ሰው አሠሩ። ፎቶውን ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ቁጢጥ ብላችሁ በእንስሳው ዓይን ልክ አንሡ፤ አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት ስጡ። ፎቶው የሌላ ሰው ከሆነ ፈቃዱን ጠይቁ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። ቀብድ ክፈሉ። ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ እርሳሱ ገና ያልጨረሰውን ግማሽ ፊት በፎቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ በእጁ የሚሠራ ሰው ይሄን ሲጠየቅ ደስ ነው የሚለው፤ የማያሳያችሁ ሻጭ ለምን እንደማያሳይ ገምቱ። ሥዕሉን ስትረከቡ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት፤ እርሳስ ሲጫን ወረቀቱ ላይ አሻራ ይተዋል፣ ሕትመት ግን ልሙጥ ነው።

እናንተ ሠዓሊዎችም ብትሆኑ ከወቀሳ አታመልጡም። ፎቶውን በካሬ ከፋፍላችሁ ብታሳድጉት ማንም አይከሳችሁም፤ የቆየ ዘዴ ነው። ፎቶ አትማችሁ በላዩ ቀለም የምትነካኩ ግን ከማስታወቂያ ነጋዴው በምን ትለያላችሁ? ደግሞስ «ሁለት ሳምንት» ብላችሁ «ዛሬ ነገ» እያላችሁ ሦስት ወር የምታመላልሱት ደንበኛ ወደ 30 ደቂቃው ሰውዬ ቢሄድ ማን ላከው? ቀጠሮ አክብሩ። ሥራችሁን በስሙ ጥሩት። ፈርሙበት።

እኛ ደግሞ እንደ ገዢ አንድ ጥያቄ እንልመድ። «በእጅ የተሣለ» የሚል ነገር ባየን ቁጥር «በማን እጅ?» እንበል። ስም ከተሰጠን እንክፈል፤ ሳንጨቃጨቅ እንክፈል። ስም ከሌለው ግን ብራችንን ይዘን እንሂድና ለቡቺ አጥንት እንግዛበት። ያኔ ቢያንስ የሚበላው ይታወቃል።

ቸር እንሰንብት።